የኮሎኔሉ ሐውልት

ከመቶ ሃምሳ ዓመት በፊት በአሜሪካ ዊትኮም የሚባል የፈረሰኛ ጦር ኮሎኔል ነበር። ውጊያ በተነሳ ቁጥር ወታደሮቹን ጥሎ ቀድሞ ይፈረጥጣል፤ ከተማ ሲገባ ግን ይፎክርና ይሾማል። ጡረታ ሊወጣ ሲል፣ ፈረስ ላይ የተቀመጠ ሐውልቱን አሠርቶ ሕዝቡን የጦር ሰፈሩ አደባባይ ላይ ሰበሰበ። ሁሉም ሲያጨበጭብ፣ ባሏ በእሱ ሥር ሲዋጋ የሞተባት የሰፈሩ ልብስ አጣቢ ብቻ እጇን አጣጥፋ ቆመች። ኮሎኔሉ ደሙ ፈላ።

«አንቺ! ሐውልቴ ፊቱን ወዴት ቢያዞር እንደሚሻል ተናገሪ። ክብሬን የሚነካ ቃል ካፍሽ ከወጣ ግን ዛሬውኑ ከሰፈሩ ትባረሪያለሽ!» አላት።

ሴትዮዋ እጅ ነሳች።

«ወደ እኛ ያዙሩት፣ ጌታዬ። ጠላት ፊትዎን አይቶ ስለማያውቅ፣ በጀርባዎ ካልሆነ አይለይዎትም» አለችው።