ትርንጎ በዘንግ ለክታ የገዛችው ሞተር

አንድ ቁጥብ ገበሬ ከቤቱ ጀርባ እስከ መስኖው ቦይ የሚደርስ የአትክልት ጓሮ ነበረው። ወገቡ መቆፈር ሲያቅተው የመንደሩ ሽማግሌዎች መጡና፣ «ወንድ ልጅ የለህም። ጓሮህን ለጎረቤትህ ለጫኔ በእኩል ስጠውና ያልማው» አሉት።

ገበሬው ግን እንዲህ ሲል መለሰ፦ «ሽንኩርት የሚተከልበት የውሃ ተራ እስኪደርስ ልጄ ትርንጎ መሬቱን አለስልሳ ከጠበቀች የእሷ ነው። ካልሆነላት ለጫኔ።»

ትርንጎ በእጅ የሚገፋ ትንሽ የማረሻ ሞተር ልትገዛ ወደ ከተማ ወረደች። አንድ ዘንግ ይዛለች። ዘንጉን የቆረጠችው በጓሮው በር ስፋት ልክ ነው፤ በፓፓያ ዛፎቹ መካከል ያለውም ክፍተት ከዚያ አይሰፋም። ሞተሮቹን አንድ በአንድ ለካች፣ እጀታቸውን ይዛ ወዲያና ወዲህ አዞረች፣ መለዋወጫቸው የት እንደሚገኝ ጠየቀች። ሻጩ ሳቀ።

«እህቴ፣ ሞተር ነው ወይስ ባል የምትመርጪው?»

«ባልማ ቢያስቸግር ሽማግሌ አለ። ይኼ ቢያስቸግር ማን አለ?»

ትንሹን ገዛች። ጫኔ ደግሞ የራሴንም የእነሱንም ጓሮ አርስበታለሁ ብሎ ከሁሉም ትልቁን ገዛ። የእሷን ሲያይ፣ «አንቺ፣ ዶሮ ነው እንዴ የገዛሽው? ይጭር እንደሆን እንጂ አያርስም!» አላት።

ትርንጎ ሥራ ባበቃች ቁጥር ከሞተሩ መቆፈሪያ ጥርሶች ላይ የተጠመጠመውን ሣር ትፈታለች፣ አየር የሚያጣራውን የፊልትሮውን አቧራ ታራግፋለች፣ ዘይቱን አይታ ሞተሩን ጥላ ውስጥ ትሸፍነዋለች። አንድ ቀን አባቷ መጥቶ በጣቱ ጥርሶቹን ዳሰሰ። ጣቱን ጭቃ አልነካውም። ምንም ሳይናገር ተመለሰ።

ጫኔ ግን በሬዎቹን ማጠብ እንደለመደው ሞተሩን ገና በትኩሱ ወንዝ አውርዶ ውሃ ያፈስበት ነበር። ሞተሩ ያብለጨልጫል፤ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ያደንቀዋል።

ተራ የሚያከፋፍሉት የውሃ አባት፣ «ሐሙስ ጧት ውሃው ይለቀቃል። ያልደረሰ አሥራ አምስት ቀን ይጠብቃል» ብለው አወጁ። ረቡዕ ጧት የጫኔ ሞተር አልነሳ አለ። መዳፉ እስኪላጥ ገመዱን ሳበ። ፊልትሮው ውሃ ጠጥቷል። የሽንኩርት ችግኙ ደግሞ አሥራ አምስት ቀን አይጠብቅም።

ትርንጎ እኩለ ቀን ላይ የመጨረሻውን መደብ ጨረሰች። ጫኔ አንገቱን ደፍቶ ወደ አባቷ መጣ።

«ጋሼ፣ ያቺን ሞተር ለዛሬ ቢያውሱኝ?»

የጓሮውን ነገር ሊያዩ የመጡት ሽማግሌዎችም ቆመው ይሰማሉ። ገበሬው ቀና አለ።

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? የጓሮው ጌታ እሷ ናት።»

ትርንጎ ይህን ከአባቷ አፍ ሰምታ አታውቅም። ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና፣ «እኔው መጥቼ አርስልሃለሁ፣ ጫኔ። ዶሮዬን ግን ወንዝ አታወርድብኝም» አለችው። ሐሙስ ጧት ውሃው በሁለቱም ጓሮ ገባ።

መሣሪያ የምትገዙ፣ መጀመሪያ መሬታችሁን ለኩ። ከገዛችሁት በኋላም ሥራው ሲያልቅ የምትቀረውን ያችን ጥቂት ጊዜ አትንፈጉት፤ ዕድሜው ያለው እዚያ ነው። አባት የሆናችሁ ደግሞ፣ ልጃችሁ ሥራውን በሚገባ ሲይዝ አይታችሁ ዝም ብላችኋል። መቼ ልትነግሩት ነው?