እሁድ የማን ተራ ነበር?

ቀረብ በሉ፣ ኋላ ያላችሁም ወደፊት ኑ። ይህ የሆነው በወይራ በር ከተማ የእጅ ሰዓት ያለው ሰው አንድ ብቻ በነበረበት ዘመን ነው፤ የሱም ሰዓት ቆሞ ነበር። ያን ጊዜ ዝናብ በወቅቱ ይመጣል፣ እንግዳ ሳይጠራ ይመጣል፣ መኪና ግን አይመጣም። የነበረችን አንዲት መኪና ናት። እሷም የጋሽ ይርዳው ነበረች።

ጋሽ ይርዳው የመንገድ ሥራ ካምፕ ዘበኛ ነበር። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፣ ዱላና ጋቢ ነበረው። መሐንዲሶቹ ሥራቸውን ጨርሰው ሲሄዱ አልነሳ ያለቻቸውን አንዲት ሰማያዊ ቮልስ ዋርካው ሥር ትተው፣ «እስክንመለስ ጠብቃት» አሉት። ጠበቃት። ክረምት አለፈ፣ ጠበቃት። ሦስት ክረምት አለፈ፣ ጠበቃት። በአራተኛው ዓመት «ያንተው ትሁን» የሚል ደብዳቤ መጣ። ያን ቀን «እሜቴ» ብሎ ስም አወጣላትና ሊያስነሳት ተነሳ።

እሜቴ ቆንጆ አልነበረችም። አንዱ በሯ ከሌላ መኪና የመጣ ግራጫ ነው። መቀመጫዋ ገለባ የተጠቀጠቀበት ጆንያ ነው። ወለሏ ተቀዶ መንገዱ ከእግር በታች ሲሮጥ ይታያል። ዝናብ ሲመጣ መጥረጊያዋን በገመድ የሚጎትተው ተሳፋሪው ነው። ክላክስ ስለሌላት ጋሽ ይርዳው አንገቱን አውጥቶ «መንገድ!» ይላል። ከሁለተኛ ማርሽ በላይ አስገብቶ አያውቅም፤ ሦስተኛ የጥጋበኛ ነው ይል ነበር። ቤንዚንና ገለባ የተቀላቀለ ሽታ ነበራት። ዛሬ ያን ሽታ የሚያመጣልኝ ቢገኝ ምን እንደምሰጠው አላውቅም።

ዋናው ችግር ሞተሪኖዋ መሞቱ ነው። ሞተሪኖ የሌለው መኪና ሰው ካልገፋው አይነሳም። ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ለምን አያቆማትም ትሉኝ ይሆናል። የእጅ ፍሬኗም ሞቷል። አንድ ጊዜ ጎማዋን በድንጋይ አስደግፎ አቁሟት ነበር፤ ድንጋዩን አንዲት ሴት ለጉልቻ ወሰደችውና እሜቴ ብቻዋን ቁልቁለቱ ግርጌ እስካለው ድልድይ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ማደሪያዋ ሜዳው ላይ፣ ዋርካው ሥር ሆነ። መሄድ ሲፈልግ ይገባል፣ ሁለተኛ ማርሽ ያስገባል፣ ፍሪሲዮን ይረግጣል፣ ግራ እጁን በመስኮት አውጥቶ ይጠብቃል። እጁን ያየ ሰው መጥቶ ይገፋል።

የመጀመሪያው ፈተና በሐምሌ መጣ። የላይ ሰፈሯ ወይዘሮ ይመኙሻል ምጥ ከያዛት ሁለት ቀን ሆኗት ነበር። ጤና ጣቢያው ከድልድዩ ማዶ ነው። ጋሽ ይርዳው እሷን ገለባው ላይ አስተኝቶ እጁን በመስኮት አወጣ። አራት የላይ ሰፈር ሰዎች መጥተው ገፉ። ጭቃ ነው፣ አቃታቸው። የታች ሰፈር ወንዶች ጣራ ሥር ተጠልለው ያያሉ። በምንጭ ውሃ ተጣልተው ሁለቱ ሰፈሮች እግዚአብሔር ይስጥልኝ ከተባባሉ ዓመት አልፏቸዋል።

ጋሽ ይርዳው አንገቱን አወጣ።

«እናንተ ሰዎች፣ እሜቴ ላይ ሰፈር ታች ሰፈር አታውቅም። እሷ የምታውቀው ጭቃ ብቻ ነው» አለ።

ከታች ሰፈር አያ ጥጋቡ የሚባል ቁጡ ሽማግሌ ነበር። ጋቢውን ጣለና እያጉረመረመ መጥቶ ትከሻውን ሰጠ። እሱ ሲገፋ ሌላው ገፋ። ሌላው ሲገፋ ሁሉም ገፋ። እሜቴ ሳለች፣ አስነጠሰች፣ ተነሳች። ግን ጤና ጣቢያው አልደረሱም፤ ሕፃኗ ድልድዩ ላይ ተወለደች። ጋሽ ይርዳው ፊቱን ወደ ወንዙ አዙሮ ጋቢውን ወደ ኋላ አቀበለ። ልቅሶዋን ሲሰማ እሱም አለቀሰ።

«ይመኙሻል፣ ልጅሽ እዚችው እሜቴ ውስጥ ተወልዳለች። ስትዳርም እዚህ ድልድይ ድረስ የምወስዳት በዚችው ነው» አላት።

«አሜን ጋሽዬ፣ ዕድሜ ይስጥህ» አለች።

ልጅቱን ዘርትሁን አሏት። ጋሽ ይርዳው በዕድሜው ለሰው የገባው ትልቅ ቃል ይህ ነበር። ሁለቱ ሰፈሮችም ታረቁና መግፋቱን በተራ አደረጉት፤ አንድ ሳምንት ላይ ሰፈር፣ አንድ ሳምንት ታች ሰፈር፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ። እሁድ ተራ አልወጣለትም። «እሁድ እሜቴም ሰንበት ታክብር» ብሎ ስለማይነዳ ነው።

ሁለተኛው ፈተና ቤንዚን የጠፋ ዓመት ነው። እሜቴ ሰባት ወር ቆመች። ጋሽ ይርዳው ግን በየጠዋቱ አቧራዋን ይጠርጋል፤ አላፊ አግዳሚው «እሜቴ እንዴት አደሩ?» እያለ ይቀልድበታል። ከዕለታት አንድ ቀን አያ ጥጋቡ ሆዱን ታመመ። ዶፍ ይወርዳል፤ በቃሬዛ ቢያወጡት ዝናቡ ይጨርሰዋል። ጋሽ ይርዳው እሜቴ ውስጥ አስገባው። ቤንዚን የለም። ሁለተኛ ማርሽም አላስገባም። እጁን ብቻ በመስኮት አወጣ።

ሳምንቱ የላይ ሰፈር ነበር። የላይ ሰፈር ሰዎች የታች ሰፈሩን ሰው ሜዳውን ገፉት፣ ቁልቁለቱን ይዘው አወረዱት፣ ድልድዩን አሻገሩት፣ አቀበቱን ገፉት። ከጠዋት እስከ ቀትር ገፉ። አያ ጥጋቡ ከውስጥ ሆኖ «ቀስ በሉ፣ በግ የጫናችሁ መሰላችሁ?» እያለ ይቆጣ ነበር። ጋሽ ይርዳው መሪውን ይዞ በስፖኪዮው ወደ ኋላ ያያል። በዚያች ትንሽ መስታወት ውስጥ ሃያ ፊት ነበር፤ የራሰ፣ ያላበው፣ የሚስቅ። ዘመድ የለኝም ይል የነበረ ሰው ከዚያ ቀን ወዲያ እንዲያ ብሎ አያውቅም።

አያ ጥጋቡም ድኖ ሌላ አሥራ አንድ ዓመት ተቆጣ።

ዘመን ግን አይቆምም። አስፋልት መጣ፤ ከተማውን በጀርባ ዞሮ ድልድዩ ላይ ገጠመ። በቁልፍ የሚነሱ መኪኖች መጡ። በስፖኪዮው ውስጥ ሃያው ፊት አሥር ሆነ፣ አሥሩ አራት ሆነ። ጋሽ ይርዳውም አረጀ። ጠዋት ጠዋት እጁን አውጥቶ ሲጠብቅ የእጁ ጥላ ከአንዱ ጎማ ወደ ሌላው ይዞር ጀመር። ይጠብቃል እንጂ አይጠራም። ቢጠራን እኮ እንመጣ ነበር።

ሦስተኛው ፈተና የዘርትሁን ሠርግ ነው። ወይዘሮ ይመኙሻል ራሷ መጥታ፣ «ጋሽዬ፣ ቃልህን አልረሳንም። ከቤት እስከ ድልድዩ ሙሽራዋ ያንተ ናት፤ ከዚያ ለሙሽራው መኪና ታስረክባታለህ» አለችው። ያን ሰሞን አረማመዱ ሁሉ የሌላ ሰው ሆኖ ነበር። ግራጫውን በር ሰማያዊ ቀባው። ጆንያውን አውጥቶ አዲስ ገለባ ሞላው፣ በላዩ ነጭ ጋቢ አነጠፈ። የፊት ብረቷ፣ ፓራውልቷ ላይ ቄጠማ አሰረ። ሠርጉ በጥር፣ እሁድ ቀን ነው። ለሷ ሲል ሰንበቱን ሊሽር ነው።

እሁድ ጠዋት ገባ። ሁለተኛ ማርሽ አስገባ። ፍሪሲዮን ረገጠ። እጁን በመስኮት አወጣ።

ላይ ሰፈሮች፣ «የኛ ሳምንት ትናንት አለቀ፣ ዛሬ የታቾች ነው» አሉ። ታች ሰፈሮች፣ «የኛ ነገ ሰኞ ይጀምራል፣ ዛሬ የላዮች ነው» አሉ። ሁሉም ዳስ ውስጥ ነው። ሁሉም አምሮበታል። ሙሽራዋ «ጋሼ የት ቀረ?» ብላ ጠየቀች። አንዱ፣ «እየገፉት ነው፣ ይመጣል» አላት። ቆይታ ደግማ ጠየቀች። ሌላው፣ «ቀድሞ ሄዶ ድልድዩ ላይ ይጠብቅሻል» አላት። ክፋት አልነበረውም፤ የመሰለውን ነው የተናገረው። ሚዜዎቹ መሸብን አሉ፣ ሙሽራዋ አዲሱ መኪና ውስጥ ገባች፣ አጀቡ በአስፋልቱ ወረደ።

ጋሽ ይርዳው ከበሮውን ይሰማል። ስፖኪዮው ውስጥ ዋርካውና አንድ የተኛ ውሻ ብቻ አሉ። ከዚያ ክላክሱን ከጀርባ በኩል ሰማው፤ ቀረበ፣ አለፈ፣ ራቀ። ያኔ ወርዶ ብቻውን ገፋ። በማግስቱ የጎማዋን ጭረት መሬቱ ላይ አይተነዋል፤ ሦስት እርምጃ ያህል ሄዳለች።

ዘርትሁን ድልድዩ ላይ መኪናውን አስቁማ ወረደች። ግራ አየች፣ ቀኝ አየች። አለቀሰች። ሙሽራ ታለቅሳለችና ማንም ለምን አላላትም።

ማታ የሠርግ ዳቦ ይዘንለት ሄድን። እዚያው ተቀምጧል፤ ቄጠማው ጠውልጓል።

«ምነው ጋሽ ይርዳው፣ ምን ሆነህ ቀረህ?» አልነው።

ቀና ብሎ አየን። 

«እሜቴ ዛሬ አልነሳ አለችኝ» አለ።

በዕድሜው እሜቴን ያማት ያን ቀን ብቻ ነው። ያማትም እኛን እንዳያማ ነው።

ክረምቱን አልተሻገረም፤ በሐምሌ ሞተ። ዘርትሁን ለለቅሶ መጣች። ድንኳኑ በላይ ሰፈርና በታች ሰፈር ሰው ሞልቶ ነበር፤ ሁላችንም የሱን ደግነት እናወራለን። ነጠላዋን አዘቅዝቃ መካከላችን ቆመችና ጠየቀችን።

«እሁድ የማን ተራ ነበር?»



ለዚህ ነው ልጆቼ፣ በወይራ በር የሙሽራ መኪና በቁልፍ የማይነሳው። ምንም አዲስ ቢሆን ዋርካው ሥር ይመጣል፣ ሞተሩ ይጠፋል፣ ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር በአንድ ላይ እስከ ቁልቁለቱ ይገፉታል። ሙሽራዋ እጇን በመስኮት ታወጣለች። የሰው አገር ሾፌር «ኧረ ሞተሩ ደህና ነው» ይላል። «እናውቃለን፣ አንተ መሪህን ያዝ» እንለዋለን። ድግስ ላይ የአንድ ሽማግሌ ቦታ ባዶ ሆኖ ሲታይም፣ «እሁድ የማን ነው?» ይባላል። ይህን የሰማ ሰው ቁራሹን አስቀምጦ ይነሳል፤ ሌላው ይሄዳል አይልም።

እናንተም ስትሰሙ ተነሱ። እኔ የታች ሰፈር ሰው ነኝ። ያን እሁድ ጋሽ ይርዳው ሲሰማው የዋለውን ከበሮ የምመታው እኔ ነበርኩ።