ጮክ ተብሎ የማይነበብ ማመልከቻ

አንዲት የወፍጮ ቤት ልጅ ነበረች። ትርንጎ ትባላለች። አባቷ አቶ ሙጨ በአንዲት የወረዳ ከተማ ዳር በናፍጣ የሚሠራ ወፍጮ ተክለው ሃያ ዓመት ሙሉ የአካባቢውን እህል ፈጭተዋል። ሃያ ዓመት ከሞተር ጋር ለኖረ ሰው ምን ጆሮ ይተርፈዋል? ሰው ካልጮኸላቸው አይሰሙም ነበር። ታዲያ የሞተሩን ደህንነት የምታዳምጥላቸው ትርንጎ ነበረች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ጥላ ዱቄት ለብሳ አጠገቡ ትቆማለች። ድምፁ ከተለወጠባት እጇን ታነሳለች፤ አባቷም ያጠፉታል። "ቺንጋው ላልቷል" ካለች የሞተሩ ቀበቶ ላልቶ ይገኛል። "ኩሽኔታው ተበልቷል" ካለችም እንደዚያው። አንዳንዴ ደግሞ ትስታለች። ያገኘችውንም የሳተችውንም ጠርዙ ዘይት በጠጣ አንድ ደብተር ላይ ትመዘግብ ነበር።

አስራ ሁለተኛ ክፍልን በጨረሰችበት ዓመት በትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ላይ ማስታወቂያ ወጣ። በሩቅ ከተማ ያለ አንድ የቴክኖሎጂ ኮሌጅ ከዚህ ትምህርት ቤት አንድ ተማሪ፣ አንድ ብቻ፣ ምግቡንና መኝታውን ችሎ ሊያስተምር ይፈልጋል። አመልካቾች ስለራሳቸውና ስለ ፍላጎታቸው በገዛ እጃቸው ከአንድ ገጽ ያልበለጠ ማመልከቻ ጽፈው እስከ ረቡዕ አስር ሰዓት ያስገቡ። ሐሙስ ከኮሌጁ መምህር መጥቶ ያነጋግራቸዋል። ትርንጎ ማስታወቂያውን ሦስት ጊዜ አነበበችው። ሌላ ኮሌጅ ከፍሎ የሚያስተምራት ዘመድ አልነበራትም፤ ወፍጮውም ከቤቱ ቀለብ አያልፍም። "ይህን ቦታ እኔ እወስደዋለሁ" አለች ለራሷ። የምሯን ነበር።

ስህተቱ የመጣው እዚህ ላይ ነው። በዚያች ከተማ ማመልከቻ ሲባል የሰው ሁሉ እግር የሚያመራው ወደ አንድ ቦታ ነው፤ ወደ ፍርድ ቤቱ አጥር። እዚያ ጃንጥላ ዘርግተው ጋሽ ደምመላሽ ተቀምጠዋል። የመሬት ክርክር፣ የፍቺ አቤቱታ፣ የእርዳታ ጥያቄ፣ ሁሉንም የሚጽፉት እሳቸው ናቸው። እሳቸው የጻፉት ሲነበብ ዳኛ እንኳ እንባው ይመጣል ይባላል። ስለዚህ ዘጠኙም አመልካቾች ተራ በተራ ወደ ጃንጥላው ሄዱ። ትርንጎም ማክሰኞ ጠዋት ሄደች።

"ማን በደለሽ?" አሉ ጋሽ ደምመላሽ መነጽራቸውን እያስተካከሉ።

"ማንም አልበደለኝም። ኮሌጅ ለመግባት ነው።"

"ልጄ፣ ያልተበደለ ሰው ማመልከቻ አይጽፍም። ለማንኛውም ወረቀትሽን አውጪ። እኔ እነግርሻለሁ፣ አንቺ በእጅሽ ትጽፊያለሽ።"

እሳቸው እያሉ እሷ ጻፈች። ዓረፍተ ነገሩ ረጅምና ያማረ ነበር። "አባቴን ገና በሕፃንነቴ በሞት ተነጥቄ" የሚለው ላይ ሲደርሱ ብዕሯን አቆመች።

"ጋሽ ደምመላሽ! አባዬ አለ እኮ። ባለፈው ቅዳሜ ጤፍዎን ማን ፈጨልዎትና?"

"እሱማ ዕድሜውን ያርዝመው! ቤቱ በደህና ይኑር፤ የሚሞተው ወረቀቱ ላይ ብቻ ነው። እሱ የት ያየዋል? በዚህች መስመር ስንት ሰው አስፈርዶ እንደሄደ ብታውቂ።"

ሰውየው ክፉ አልነበሩም። ከተማሪዎቹም ሳንቲም አልተቀበሉም። የሚያውቁት የመርዳት መንገድ አንድ ዓይነት ብቻ ሆኖባቸው ነው። ትርንጎ ስትጨርስ ወረቀቱን አየችው። "ለሀገሬ ዕድገት የበኩሌን ለማበርከት ካለኝ ጽኑ ፍላጎት የተነሳ" ይላል። የእጅ ጽሑፉ የእሷ ነው፤ ከዚያ በቀር አንድም የእሷ የሆነ ቃል የለበትም። ቢሆንም ሁሉም እንደዚህ አድርጎ የለ? አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ረቡዕ ለምሳ ሞተሩ ሲጠፋ አባቷ ጠሯት። እህል ይዘው የመጡ አምስት ስድስት ሴቶች ተራቸውን እየጠበቁ ግቢው ውስጥ ተቀምጠዋል።

"እስቲ የጻፍሽውን አንብቢልኝ" አሉ።

ትርንጎ ወረቀቱን አውጥታ የመጀመሪያውን መስመር አነበበች።

"አልሰማሁም! ጮክ በይ እንጂ!"

ጮኸች። ሴቶቹም ወሬያቸውን ትተው ያዳምጡ ጀመር። ከዚያ ዓይኗ ሁለተኛው መስመር ላይ አረፈና ድምፅዋ ጠፋ።

"ምነው? አለቀ እንዴ?"

"አላለቀም።"

"ታዲያ ምን ያዘሽ?"

አባቷ በዱቄት የነጣ ፊታቸውን አስጠግተው፣ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ይጠብቃሉ። ትርንጎ አፏን ከፈተች፤ ቃሉ ግን እሺ አላላትም። የቆመ አባቷን ሞት በምን አንደበቷ ጎረቤት እየሰማ ትጩኸው? ማክሰኞ ዕለት በለሆሳስ የጻፈችው ነገር ዛሬ ጮክ ሲባል የማይባል ሆነባት። አፈረች። በጋሽ ደምመላሽ ሳይሆን በራሷ አፈረች።

"አባዬ፣ ይሄ የእኔ አይደለም። ሌላ እጽፋለሁ።"

"ጊዜው ይደርስልሻል?"

"እስከ አስር ሰዓት አለኝ" አለችና ወረቀቱን ቀደደችው።

ጆንያ ላይ ተቀምጣ አዲስ ወረቀት አወጣች። መጀመሪያ ምንም አልመጣላትም። ሰው ስለራሱ ሲጻፍለት ከኖረ ራሱን መጻፍ ይከብደዋል። ከዚያ ያንን ዘይት የጠጣ ደብተር አምጥታ ገለጠችው፤ ነገሩ ሁሉ እዚያ ነበር። አንድ መስመር በጻፈች ቁጥር "ይህን ለአባዬ ጮክ ብዬ ላነብለት እችላለሁ?" ብላ ራሷን ትጠይቃለች። አልችልም ካለች ትሰርዘዋለች። አንድ መስመር ላይ ብቻ ብዙ ቆየች። የአባቷን ጆሮ የሚመለከት ነው፤ እሳቸው ስለ ጆሯቸው ለማንም ተንፍሰው አያውቁም። ግን እውነት ነው፤ እሱ ከሌለም የእሷ ታሪክ የለም። ሳትሰርዘው አለፈች። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ እስከ ትምህርት ቤቱ እየሮጠች ሄደች።

"የጋሽ ደምመላሽን አመጣሽ?" አለቻት የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ።

"የራሴን ነው።"

"አብደሻል? ቦታው እኮ አንድ ነው!"

"አውቃለሁ" አለች ትርንጎ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። "ተቀበይኝ።"

ሐሙስ ጠዋት ከኮሌጁ መምህርት ውብአንቺ የሚባሉ ሴት መጡ። አመልካቾቹ ከዳይሬክተሩ ቢሮ ደጃፍ አግዳሚ ላይ ተደርድረዋል፤ በሩ ክፍት ስለነበር ውስጥ የሚባለው ሁሉ ይሰማል። መምህርቷ ማመልከቻዎቹን እያነበቡ ስምንተኛው ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

"በዚህ ከተማ ወረርሽኝ ገብቶ ነበር እንዴ? ስምንት ልጅ፣ ስምንቱም አባት የላቸውም!"

ዳይሬክተሩ አንገታቸውን ደፉ። ከስምንቱ አንዱ የገዛ ልጃቸው ነበር።

ትርንጎ ስትጠራ ቀጥ ብላ ገባች።

"ባጠፋሽው ጥፋት ወፍጮው ሦስት ቀን እንደቆመ ጽፈሻል" አሉ መምህርቷ። "ይሄ ሊጎዳሽ አይችልም? ለምን ጻፍሽው?"

"ስለሆነ ነዋ። ኩሽኔታው ነው ብዬ አስፈታሁት። ደህና ነበር፤ ሲፈታ ተሰበረ። ለካ ናፍጣው ውስጥ ውሃ ገብቶ ነው። ሰው እህሉን ተሸክሞ ሲመለስ ሦስት ቀን ቆሜ አየሁ። ከዚያ ወዲህ እጄን ከማንሳቴ በፊት ሁለት ጊዜ አዳምጣለሁ።"

"እና ኮሌጅ ምን ያደርግልሻል?"

"ድምፁን አውቀዋለሁ። ለምን እንደዚያ እንደሚጮህ ግን አላውቅም። እሱን ማወቅ እፈልጋለሁ።"

"አንቺ ስትሄጂ ለአባትሽ ማን ያዳምጥላቸዋል?"

"አላውቅም። ታናሽ እህቴ ገና ልጅ ናት" አለች። "እሱ ያስጨንቀኛል። ግን እዚህ ብቀርም ድምፅ ከመስማት አላልፍም። ተምሬ መመለስ ይሻለኛል።"

መምህርቷ ወረቀቱን ይዘው ተነሱ። "በይ ወፍጮውን አሳዪኝ።"

አቶ ሙጨ እንግዳዋን ሲያዩ ሞተሩን አጠፉ። "ልጅዎ የጻፈችውን ሰምተዋል?" ብለው መምህርቷ ጠየቁ፤ ሁለተኛ ጊዜ ጮኸው ነው የተሰሙት።

"የት ሰማሁ? ትናንት ጀምራልኝ ተወችው።"

መምህርቷ እዚያው ሴቶቹ ፊት ቆመው ጮክ ብለው አነበቡላቸው። "አባቴ ጆሮው ደክሟል። ለማንም አይናገርም። ሞተሩን እኔ አዳምጥለታለሁ" የሚለው ላይ ሲደርሱ ሴቶቹ ወደ አቶ ሙጨ ዞሩ። ትርንጎ መሬት መሬት አየች። እስከ መጨረሻው ተነበበ። አቶ ሙጨ በጋቢያቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠረጉ፤ ዱቄቱን ይሁን እንባውን ማንም አልጠየቃቸውም።

"አንድም ውሸት የለበትም" አሉ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው "ያንን ደብተርሽን ትተሽልኝ ሂጂ። ታናሽ እህትሽ ማንበብ ችላለች፤ በእሱ ሞተሩን ማዳመጥ አለማምዳታለሁ" አሉ።

በሁለት ሳምንቱ ከኮሌጁ ደብዳቤ መጣ። ትርንጎ ቦታውን አገኘች።

ጋሽ ደምመላሽ ዛሬም ጃንጥላቸው ሥር ናቸው። ዛሬም በየዓመቱ ተማሪዎች ይመጡባቸዋል። የትርንጎን ነገር ከሰሙ ወዲህ ግን "ማን በደለህ?" ማለቱን ትተው "ምን ሠርተህ ታውቃለህ? የቱ ላይ ተሳሳትክ? ምን ለማወቅ ትፈልጋለህ?" ብለው ይጠይቃሉ። ልጁ መመለስ ሲጀምር ወረቀቱንና ብዕሩን መልሰው ያስይዙታል። "አሁን ያልከውን ራስህ ጻፈው። እኔ በአንድ ሳምንት ዘጠኝ አባት የገደልኩ ሰው ነኝ፤ አሥረኛ አልጨምርም" ይላሉ።

ዘንድሮ የኮሌጅ ማመልከቻ የምትጽፉ ልጆች፣ ነገሩ የሚመለከተው እናንተን ነው። የተዋበ ቃል ከጎረቤት መዋስ ይቻላል፤ ኮሌጁ ውስጥ ገብቶ የሚማረው ግን ቃሉ አይደለም፣ እናንተ ናችሁ። የሚያነበው ሰው ምን ያህል እንዳዘናችሁ ሳይሆን ማን እንደሆናችሁ ማወቅ ይፈልጋል። የሠራችሁት ትንሽ ቢመስላችሁም እሱን ጻፉ። የተሳሳታችሁትንም ጻፉ፤ ምን እንደተማራችሁበት ጨምሩበት። ያላወቃችሁትን አላውቅም በሉ፤ ትምህርት ቤት የሚኬደው ለዚያ ነው። ጓደኛ ወይም መምህር ፊደል ቢያርምላችሁ ደግ ነው፤ ሕይወታችሁን ግን ማንም አይጻፍላችሁ።

ከማስገባታችሁ በፊትም ወረቀቱን ይዛችሁ ከሚያውቋችሁ ሰዎች ፊት ቁሙ። አንተ፣ አንቺ፣ የጻፋችሁትን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መስመር፣ ምንም ሳትዘሉ፣ ጮክ ብላችሁ ልታነቡላቸው ትችላላችሁ?