ያልታየ እጁን ያውጣ

በአንዲት ትንሽ ከተማ ወንድይፍራው የሚባል የጤና መኮንን ነበር። በጤና ጣቢያው የሚያክም ሰው እሱ ብቻ ስለሆነ፣ ሰልፉ ከበሩ አልፎ አህዮቹ እስከታሰሩበት ግራር ድረስ ይሄዳል። ምሳው ሳይነካ ስለሚመለስ ሚስቱ መቋጠሩን ትታዋለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የወረዳው ጤና ኃላፊ አቶ ጥጋቡ ሳይታሰብ በመኪና ከተፍ አሉ። ሰልፉን አዩና ፊታቸውን አጠቆሩ።

«ስማ ወንድይፍራው! ከእኛ ጋር ውል ፈርመሃል። የመጣ በሽተኛ ሁሉ በዕለቱ መታየት አለበት። አንድ ያልታየ ሰው ባገኝ ዛሬውኑ ትሰናበታለህ!»

ወንድይፍራው ደግሞ ከተሰለፈው ሰው ግማሹን እንኳን ገና አላየም።

አቶ ጥጋቡ ወደ ሰልፉ ዞሩና «እስቲ ያልታየ እጁን ያውጣ!» አሉ።

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ይሄ ልጅ ከተባረረ ነገ የሚያክማቸው የለም። ሁሉም እጁን ጋቢው ውስጥ ከተተ። ጉልበቷ ያበጠ አንዲት ሴትዮ ብቻ ቀስ ብላ አወጣች። ወንድይፍራው በልቡ «አለቀልኝ» አለ።

«ይኸውልህ!» አሉ አቶ ጥጋቡ ደስ ብሏቸው። «እሺ እናት፣ አልታየሽም ማለት ነው?»

«ኧረ እኔስ ጌታዬ፣ ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ተጎልቼ ያላየኝ ማን አለ?» አለች ሴትዮዋ። «እጄን ያወጣሁት ለሌላ ሰው ነው። በዚያው ውል እንልካለን ያላችሁት ሁለተኛው ሐኪም፣ እሱ እስከዛሬ አልታየም።»