ዝናብ ፍልፈል ቤት ያገኛት ሽኮኮ

ተረት ተረት ብያለሁ፤ ጨዋ ያሳደገው ጆሮውን ይስጠኝ።

በዱር አገር ልጅ ሁሉ በበጋ ከየመምህሩ ትምህርት ይቀምሳል፤ በመጨረሻ ግን የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ የተገኘበት መምህር ጋ ለሁልጊዜው ይቀራል። አንዲት ሽኮኮ የንብንም የሸረሪትንም ቀመሰች። ልቧን የወሰደው ግን ሽመላ ነው፤ ስለ ሩቅ አገር ሲያስተምር እህል ውሃ ትረሳለች። ምን ያደርጋል፣ መቅመስ ለምዳ፣ ደመናው ከብዶ ሳለ «እስቲ ጉድጓድ መማስም ልየው» ብላ ፍልፈል ቤት ገባች። ዝናቡ ወረደ።

ከዚያ ወዲህ ሽመላዎች በሰማይ ባለፉ ቁጥር አንገቷን ከጉድጓዱ ታወጣለች።

«አንቺ ቀልበ ቢስ፣ ደግሞ ምን ታያለሽ?» ይላታል ፍልፈል።

«ኧረ ምንም፣ ጋሼ። አፈር ዓይኔ ገብቶ ነው» ትለዋለች፣ እንባዋን እየጠረገች።

ፍልፈል መቼ ሰማይ አይቶ ያውቃል? ያምናታል።