የአንጓች በርበሬ

ከቡሬ ወደ ቆላው ሲወርዱ ደንጎላ በምትባል ትንሽ መንደር የሚበቅል አንድ በርበሬ አለ፤ ዛላው ረጅም፣ ቀለሙ ደም የመሰለ፣ ነገር ግን ምላስ የማያቃጥል። በእሱ የተሠራ ወጥ ሲያዩት ያስፈራል፤ እንግዳ ሰው ውኃውን አስጠግቶ ነው የሚጎርሰው፤ ከጎረሰ በኋላ ግን ጣፋጭ ይሆንበትና ይገረማል። ሴቶቹ ድልህ ይሠሩበታል፣ የአራስና የሕፃን ወጥም ያቀሉበታል። ስሙን የአንጓች በርበሬ ይሉታል።

አባቶች እንደሚናገሩት አንጓች የዐሥር ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷ ቢሰውር የሚባል፣ በርበሬው እንባ ያስወጣል ተብሎ በገበያ የታወቀ ገበሬ ነበር፤ አንድ ዓመት በዘር ጊዜ ወባ ቢጥለው የዘሩን ቅል ለልጁ ሰጣትና መደቡን እሷ ዘራች። በርበሬው አማረ፣ ቀላ፤ ቢሰውርም ጭኖ ቡሬ ወጣ። አንድ ነጋዴ ዛላውን ነክሶ አላቃጥል ቢለው ሳቀና ማን እንደዘራው ጠየቀው፤ ልጄ ናት ቢለው «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» አለው፤ ገበያተኛው ሁሉ ሳቀበት።

ቤቱ ሲገባ ዘሩን የት ደፋሽው፣ የማንን ዘር ተካሽበት እያለ ያፋጥጣት ጀመር። እሷም የሰጣትን እንደዘራች ነገረችው። በዚያ ዘመን ልጅ ዋሸ ከተባለ በርበሬ ይታጠናል፤ ጎረቤትም ደግ አደረገ ይላል እንጂ የሚገላግል የለም። ቢሰውር ያለፈውን ዓመት በርበሬ ፍም ላይ ጨምሮ፣ ልጁን በጋቢ ሸፍኖ አጠናት። እናቷ ደብሬ እግሩ ላይ ብትወድቅ ገፈተራት። አንጓች ሁለት ጊዜ ስትጠየቅ ያንኑ መለሰች፤ በሦስተኛው «እሺ አባባ፣ ቀይሬዋለሁ» አለች። ያን ጊዜ ጋቢውን ገለጠላት፤ እውነቱን አወጣሁ ብሎም ደስ አለው ይባላል። ልጅቱ ግን ትንፋሿ በደንብ አልተመለሰም፤ በሦስተኛው ቀን ሞተችና ቀበሯት።

በዓመቱ ቢሰውር ቅሉ ውስጥ የተረፈውን ዘር በገዛ እጁ ዘራ። በርበሬው ሲቀላ አንድ ዛላ ቀጥፎ ነከሰ፤ ጣፋጭ ነው። ሌላ ነከሰ፤ እንደዚያው። ዛላ በዛላ እየነከሰ እስከ ማሳው ጫፍ ሄደ፤ አንዱ እንኳ አላቃጠለውም። አንጓች የዘራችውን ዘር ከማያውቀው መንገደኛ የተቀበለው እሱ ራሱ ነበር፤ ይህን ግን እስከዚያ ቀን ለማንም አልተናገረም። ምስኪን አባት የሚሉት አሉ፤ እኔ ግን የማዝነው ለእሱ አይደለም።

ደብሬ አልፈታችውም። ከዚያ በርበሬ በቀር ሌላ ቤቷ አላስገባችም፤ በየቀኑ ወጥ ሠርታ ታቀርብለትና እስኪጎርስ ቆማ «ይጣፍጣል?» ትለዋለች፤ እሱም ይጣፍጣል ይላታል። እስኪሞት ድረስ ሃያ ዓመት እንዲህ ኖሩ ይባላል። ዛሬም በደንጎላ ሚስት ወጥ ስታቀርብ ይህንኑ ትጠይቃለች፤ እንግዳ የመስተንግዶ ወግ ይመስለዋል። የመንደሩ ወንዶች ግን አንገታቸውን ደፍተው ነው «ይጣፍጣል» የሚሉት።