ባትሪውን አጥግቦ የረሳው ጅብ

አንድ ጊዜ ከወንዝ ማዶ ባለ የግራር ሜዳ የሚኖሩ አራዊት የራሳቸው ሞተር ነበራቸው! ያውም ባለአራት ጎማ፣ ድንጋይና አሸዋ የማይበግረው፣ ከጭቃ ውስጥ እየዘለለ የሚወጣ። የፓርኩ ጠባቂዎች አዲስ መኪና ሲመጣላቸው ይህንኑ ከነሶላሩ ትተውላቸው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ያረጀ፣ የታመመ፣ መራመድ ያቃተው ሁሉ በሞተሩ ይጫን ጀመር። «ድርድርድር» ብሎ ሲነሳ የተጫነው ቀርቶ የሚያየውም በደስታ ይዘል ነበር።

ችግሩ ባትሪው ነበር። የመጀመሪያው ባትሪ ዓመት ሳይሞላው ሞተ። ጠባቂዎቹ ለመለዋወጫ ያስቀመጡት አንድ ብቻ ቀረ። እሱ እንደተገጠመ ሰኔ ገባና አያ አንበሶ ስብሰባ ጠራ።

«ስሙኝ! ክረምቱን ሜዳው ሞተሩንም የሚውጥ ረግረግ ስለሚሆን አይነዳም። መስከረም ላይ ግን ያስፈልገናል። ባትሪ በደንብ ከያዙት ሦስት አራት ዓመት ያገለግላል፤ እኛ አንዱን በዓመቱ ገደልነው። ይሄኛውን ማን ይጠብቀው?»

«እኔ!» አለች አህያ። «ገመዱን ነቅዬ አስቀምጣለሁ፣ ዝገቱን እጠርጋለሁ፣ ፀሐይ ብልጭ ባለች ቁጥር ከሶላሩ ጥቂት ጥቂት አቀምሰዋለሁ። እኔም ሳር የምግጠው እንደዚያ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ትንሽ ትንሽ።»

ጅብ ሳቁን ለቀቀው። «ትንሽ ትንሽ! ይሄም መብላት ሆነ? እኔ አንዴ ሆዴ እስኪነፋ ከበላሁ ሳምንት ሙሉ ማንንም አላስቸግርም። ባትሪም እንደኔ ነው!»

ይህን ጊዜ ቀበሮ ጆሮዋን ቀሰረች። ጠባቂው ጅብ ከሆነ የሞተሩ መብራት የእሷ መሆኑ ወዲያው ታይቷታል። ጠጋ ብላ «አያ ጅቦ፣ ቁልፍ አንገት ላይ ማንጠልጠል እኮ ለአንተ ነው የሚያምረው» አለችው። ከዚያ በኋላማ ጅብን ማን ይቻለው! ጮኸ፣ ተንጎራደደ፣ ሌላውን አላስወራ አለ። አያ አንበሶም ሰለቸውና ቁልፉን ሰጠው። እኔ ብሆን አልሰጥም ነበር፤ ግን ማን ጠየቀኝ?

ጅብ ሥራውን በዚያው ቀን ጀመረ። ባትሪውን ከሶላሩ ጋር አገናኝቶ ሦስት ቀን ሙሉ ሳይነቅል ተወው። ባትሪው ሞላ። ከሞላ በኋላም ጋለ፤ ጎኑ አበጥ አበጥ አለ።

«ኑ እዩት! ቦርጭ አወጣ!» እያለ ጅብ ሜዳውን ዞረ። ከዚያ የሶላሩን ገመድ ነቅሎ ጣለና ዞር ብሎም አላየው።

አህያ መጥታ ለመነችው። «እባክህ አያ ጅቦ፣ ሞተሩ ቆሞም ቢሆን ባትሪውን ትንሽ ትንሽ ይስበዋል። ሌላው ቢቀር ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘውን ገመድ ንቀልለት።»

«ገመዱ ከተነቀለ መብራት የለም» አለች ቀበሮ ጣልቃ ገብታ። «እንዲህ ያለ ጌታ ሲመሽ በጨለማ ይቀመጥ ትያለሽ?»

«እውነቷን ነው፤ በጨለማ አልቀመጥም!» አለ ጅብ።

በየአመሻሹ ቀበሮ መብራቱን ቦግ እያደረገች፣ ዓይናቸው የተጭበረበረ ቆቆችን ለቃቅማ ትሄዳለች። ለጅብ አንዳንድ ክንፍ ትወረውርለታለች፤ እሱም እየቆረጠመ «ጥበቃ ደግ ሥራ ነው» ይላል። ነሐሴ ላይ መብራቱ መጀመሪያ ቢጫ ሆነ፣ ቀጥሎ ቀላ፣ ከዚያ ጠፋ። ቀበሮ «ደመናው ነው» ብላ ሹልክ አለች።

መስከረም በገባ በሳምንቱ የጅብ ሚስት ምጥ ያዛት። የመጀመሪያዋ ነው። ማለዳ የጀመራት ምጥ እስከ እኩለ ቀን አልለቀቃትም። አዋላጇ እሜቴ ጦጢት ያለችው ከሜዳው ማዶ ካለው ገደል ላይ ነው፤ አርጅታለችና አትወርድም። ጅቢት ደግሞ ዋሻዋ ውስጥ ተኝታ መቆም እንኳ አቅቷታል።

«ሞተሩ አለ!» ብሎ ጅብ በረረ። አራዊቱ ሁሉ ተከትለውት ሮጡ። ቁልፉን ሰካና ጠመዘዘ። «ጥ» አለ። ደግሞ ጠመዘዘ። «ጥ»። በሦስተኛው «ጥ» እንኳ አላለም።

«አጥግቤው ነበር እኮ!» ብሎ ጮኸ። «ሰኔ ላይ አጥግቤው ነበር!»

«አሁን መስከረም ነው፣ አያ ጅቦ» አለች አህያ። ባትሪውን ጎንበስ ብላ አየችው። አናቱ ነጭ ዝገት ለብሷል፤ ያበጠው ጎኑ ተሰንጥቋል። «ይሄ ከእንግዲህ ቢያበሉትም አይነሳም። ሞቷል።»

«እኔ እንኳ አንዲት መብራት ብቻ ነው ያበራሁት» አለች ቀበሮ፣ ማንም ሳይጠይቃት።

ከዋሻው የጅቢት ጩኸት ተሰማ። ጅብ ቁልፉን ጣለ። ዞር ሲል ዓይኑ አህያ ጀርባ ላይ አረፈ። አህያ የጅብ ዓይን ሲያርፍባት ምን እንደሚከተል ታውቃለችና ወደ ኋላ አፈገፈገች።

«እመት አህያ፣ እባክሽ ተሸከሚልኝ።»

«ሚስትህን? ጀርባዬ ላይ? ጥርሷ ከአንገቴ አንድ ስንዝር ሆኖ?»

«ካልሄደች ትሞትብኛለች» አለና አለቀሰ። ጅብ ሲያለቅስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እነሱም አይተው አያውቁም ነበር።

አህያ ትንሽ አሰበች። ፈርታለች፤ አልደበቀችውም። «አንተ ከፊት ትሄዳለህ፣ እኔ ከኋላ! እያየሁህ ልሂድ!» አለች።

ተነሱ! ጅብ ከፊት እየሮጠ እሾሁን ይጠርጋል፤ አህያ ጅቢትን ተሸክማ በጭቃው ውስጥ ትገሰግሳለች፤ አራዊቱ ከግራም ከቀኝም «በርቺ! በርቺ!» ይላሉ። ምጡ ሲጠናባት ጅቢት የአህያን አንገት ነከሰች። አህያ ጮኸች፤ ግን አልጣለቻትም። ገደሉ ላይ ደረሱ! ፀሐይ ሳትጠልቅ በእሜቴ ጦጢት እጅ ሁለት ልጆች ተወለዱ፣ ሁለቱም ደህና፣ እናታቸውም ደህና! ሜዳው በእልልታ ተናወጠ።

ጅብ ወደ አህያ መጣ። አንገቷ ላይ ያለውን የጥርስ ምልክት ሲያይ አቀረቀረ።

«ሌላ ባትሪ ከተገኘ አንቺ ጠብቂው» አለ።

«እሺ፣ እጠብቀዋለሁ» አለች አህያ። «ለባትሪውስ ምትክ ይገኝለት ይሆናል። ለሚስትህ ግን ከየት ታመጣ ነበር?»



ከዚህ የምንማረው አንድ ቀን አትረፍርፈን ሰጥተን የረሳነው ነገር በጭንቅ ቀን እንደማይደርስልን፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት የተንከባከብነው ግን ዕድሜው እንደሚረዝም ነው።